ጎሽ ሳይባል ያደገ አባት ነኝ፤ ዘንድሮ ግን ልጎርር ነው (ደብረ ብርሃን፣ ከገና እስከ ጥምቀት)

የጠባሴው አናጺ
ታኅሣሥ 30፣ ከጠዋቱ 3፡40

እንኳን አደረሳችሁ ጎበዝ። ዛሬ የገና ማግስት ነው። እንጨት ቤቱን አልከፈትኩም፤ ብከፍትም ማንም አይመጣም። ፀሐይዋ እስክትጠነክር ከምድጃው ዳር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። አስቀድሜ ልናገር፤ የሚከተለው ጉራ ነው። ጉራ የማይመቸው ከዚህ ይመለስ።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 9፣ ትንሿ 5 ልትሞላ ጥቂት ቀርቷታል። እናታቸው ነርስ ናት። ዘንድሮ የገና ዋዜማ የሌሊት ተራ ለእሷ ደረሳት። ተራው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ቤታችን የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ዶሮውን ማን ይሠራዋል?

እኅቴን ልጥራት አልኩ። ትልቋ «ለምን? እኔና አንተ እንሠራዋለን» አለች። ልብ በሉ፣ እሷ ዶሮ ወጥ ሲሠራ ያየችው እናቷ ጎን ቆማ ሽንኩርት ስታቀብል ነው። እኔ ደግሞ ማረድ እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ዶሮውን የማገኘው እንጀራ ላይ ነው።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ሚስቴ ጋቢዋን ደርባ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ለየአንዳንዳችን መመሪያ ሰጠች። ለልጆቹ ብዙ ነገር ነገረቻቸው። ለእኔ «አትቸኩል» ብቻ ነው ያለችኝ።

አረድን። በፈላ ውሃ ነጨን፣ ለበለብን። ከዚያ በሎሚና በጨው እጥበት። ታኅሣሥ ውስጥ የደብረ ብርሃንን የቧንቧ ውሃ የነካ ሰው ያውቀዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃው ቆዳ አይነካም፣ ቀጥታ አጥንት ነው የሚገባው። ልጅቷ ጣቶቿ ቀልተው ሰባት ጊዜ አጠበችው። «ይበቃል» ብላት «እማዬ ሰባት ጊዜ ነው የምታጥበው» አለች። አንዱንም አልቀነሰችም።

ከዚያ መገነጣጠሉ መጣ። 12 ብልት መውጣት አለበት። ቢላዋውን ያዝኩና አጥንቱ ላይ ተጫንኩ። «አባዬ አትጫነው» አለች። «መጋጠሚያውን ፈልገው፤ ራሱ ይለቅልሃል።» የክንፉን ሥር በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ወዝወዝ፣ ወዝወዝ አደረገችው። አንዲት ለስላሳ ቦታ አገኘችና ቢላዋውን አስጠጋች። ድምፅ እንኳ ሳይሰማ ክንፉ እጇ ላይ ቀረ።

ጎበዝ፣ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ተለማማጆቼ ላይ የምጮኸው ይህንኑ ነው። ወንበር በጉልበት አይፈታም፣ መጋጠሚያውን ፈልግ እላለሁ። ይህችን ልጅ እንጨት ቤት ወስጄ አንድ ቀን አላስተማርኳትም። በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነው እንዴ የከረመችው?

ያም ሆኖ እኔ የያዝኩት ወገን ተበላሸ። ወንዱ ልጅ ሰሃኑን ይዞ ሲቆጥር 13 ሆነ። ደግሞ ቆጠረ፣ 13። «አሥራ ሦስተኛው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ትንሿ ከአልጋ ላይ ሆና «የአባዬ ስህተት» አለች። በቃ፣ ስሙ ወጣለት። ከትናንት ጀምሮ «የአባዬን ስህተት ማን ይብላው» ነው የሚባለው።

ቁሌቱ መሃል ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥለን ድስቱን አዞርን። ልጅቷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ በአንድ እጇ የስልኬን መብራት ይዛ፣ በሌላው እያማሰለች። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት እስኪቀላ አልተንቀሳቀሰችም። በርበሬው ሲገባ ሁላችንም አስነጠሰን፤ እሷ ብቻ ፊቷን ዞር አድርጋ ማማሰሏን ቀጠለች።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። ትንሿን አባቴ ከመንዝ በላኩልኝ ባና ጠቅልዬ አዘልኳት። ትልቋ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ስትዘምር ከሩቅ አየኋት። ከሁለት ሰዓት በፊት ሽንኩርት የሸተተችው ልጅ ናት ብል ማን ያምነኛል? ስንመለስ ሌሊቱ ተጋምሶ አልፏል። ውርጭ ወርዶ ሣሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ወንዱ ልጅ ሆን ብሎ መንገዱን ትቶ ሣር ሣሩን ነበር የሚሄደው፣ ድምፁን ለመስማት።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሚስቴ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ድስቱን ከፈተች። በጭልፋው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችው። ዝም። ደግማ ቀመሰች። ልጅቷን ዞራ «መከለሻውን መቼ ነው ያደረግሽበት?» አለቻት። «ሊወርድ ሲል።» ሚስቴ ሳቀች። እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ!» አልኩ።

ለእናንተ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ያደግሁት መንዝ፣ ሞላሌ አጠገብ ነው። በቤታችን ጎሽ የሚባለው በሬ ብቻ ነበር። 12ኛን አልፌ ውጤቴን ይዤ ቤት ስገባ አባቴ ወረቀቱን አይተው፣ አጣጥፈው መለሱልኝና «በሬዎቹ ውሃ ጠጥተዋል?» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ልጅን ፊት ለፊት ማሞገስ ያበላሸዋል ብለው ነው።

አሁን ጥያቄዬ ይኸውና። አባቴ ለጥምቀት ወደ እኛ ይመጣሉ። እሳቸው ፊት ልጄን ባሞግስ ነውር ይሆናል? እናንተ ቤት እንዴት ነው?


እማማ ምድጃ
ታኅሣሥ 30፣ ከጠዋቱ 4፡25

ልጄ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። 13 ከወጣህ አንዱን ብልት ሁለት ቦታ ከፍለኸዋል። በእኔ ግምት ጀርባው ነው። አይዞህ፣ አንተ ወንድ ሆነህ ተርፈሃል። በእኛ ዘመን ሙሽራ በዚህ ነበር የምትታማው። አማት ሰሃኑ ላይ ጣቷን እየጠቆመች ትቆጥር ነበር።

ሁለተኛ፣ ያን ከሰል። በረንዳ ላይ ማድረጋችሁ ጎሽ። ብርዱ ሲጸና ግን ሰው ምድጃውን መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ ይተኛል። ጭሱ ስለሌለ ደህና ይመስላል እንጂ የሚገድለው ሽታ የሌለው ነው። እንቅልፍ ላይ እንዳሉ የቀሩ አውቃለሁ። ከመተኛታችሁ በፊት ወደ ውጭ አውጡት።

ስለ ሙገሳው፣ ነውር የለውም። እኛ የምንፈራው ዓይን ነው። ስለዚህ ጎሽ ስትል ባዶውን አትተወው፣ ምርቃት አስከትልበት። «እደጊ፣ ተመንደጊ» በላት። አባትህም ምርቃት ሲሰሙ «አሜን» ይላሉ እንጂ አይቆጡም።


ሾፌር ነኝ
ታኅሣሥ 30፣ ከቀኑ 6፡10

ወንድሜ አስለቀስከኝ። በሽንኩርቱ ነው ብዬ ልለፈው።

እኔ የገናን ሌሊት ያደርኩት ጣርማበር ላይ ነው። ጉሙ ወርዶ የመኪናዬ አፍንጫ አልታየኝም። ዋሻው አፍ ጋ መኪናዬን አቁሜ ጋቢ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ይህን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከወዲህ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል፣ ዋሻውን አልፈህ ደብረ ሲናን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሸሚዝህን ትፈታለህ። በአንድ ጠዋት ክረምትም በጋም ነው።

ልጄ ደውላ ድፎ ዳቦዋን በቪዲዮ አሳየችኝ። «አባዬ፣ ያንተን ቁራሽ አስቀምጬልሃለሁ» አለች። ዛሬ ቤት ገባሁ። ቁራሹ አለ። ዳር ዳሩን ግን አይጥ የመሰለ ነገር በልቶታል። አይጡ 7 ዓመቱ ነው፣ ወንድሟ ነው። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፣ ምን ይደረጋል።


እውነት እናውራ
ታኅሣሥ 30፣ ከቀኑ 7፡02

ደስታችሁን ላበላሽ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልበል። እናቴ 30 ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ዶሮ ሠርታለች። ለእሷ እንዲህ ብሎ የጻፈላት የለም። አሁን አንድ አባት አንድ ሌሊት ሽንኩርት ላጠና አገር ይሰማ ተባለ።

ደግሞ ሚስትህ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታይ አድራ መጥታ መጀመሪያ የከፈተችው ድስት ነው። ለመሆኑ ተኝታለች?


የጠባሴው አናጺ
ታኅሣሥ 30፣ ከቀኑ 7፡30

ልክ ነህ፣ ይዋጥልኛል። ጉራው ግን የልጄ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። የእኔ 13ኛው ብልት ነው።

አዎ፣ ትናንት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ተኝታለች። ቡናውን ወንዱ ልጅ ወቀጠ፣ እኔ አፈላሁ። እናትህን ግን ለምን አንተ አትጽፍላትም? አንባቢው እዚሁ ነው ያለው።


የአናጺው ቤት
ታኅሣሥ 30፣ ከቀኑ 8፡15

ነርሷ እኔ ነኝ። ስልኩን ምድጃ ዳር ትቶት ሄዶ አነበብኩት፤ አሁን በራሴ ገባሁ።

ለታሪክ እንዲቀመጥ ያህል፣ ሽንኩርቱን የላጠው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ የላጠው ወንዱ ልጄ ነው፣ የአባቱን የእንጨት ቤት መነጽር አድርጎ። እንባ እንዳይመጣበት ራሱ ያመጣው ዘዴ ነው። ዓይኑን እስከ ግንባሩ ሸፍኖ፣ አፍንጫው ላይ ላስቲኩ ታስሮ፣ ኮስተር ብሎ ሲልጥ ትልቋ ፎቶ አንሥታዋለች። ያንን ሳትጽፍ ቀረህ ጎበዝ?

የቤቴ ወለል ላይ ደግሞ ዛሬም ላባ አለ።


ከበረዶ አገር
ታኅሣሥ 30፣ ከምሽቱ 1፡50

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ አሁን ውጭ አገር ነው ያለሁት። እዚህ ልጆቼ ሁለት ገና አላቸው። የፈረንጆቹ ታኅሣሥ 16 ላይ ያልፋል፣ ከዚያ የእኛ ይመጣል። በእኛ ገና ቀን ትምህርት ቤት አለ፣ ሥራ አለ። ዘንድሮ ዶሮውን የበላነው ማታ ከሥራ መልስ ነው፣ ልጆቹ በቤት ሥራና በእንጀራ መሃል ሆነው።

ስለ «ጎሽ» ያላችሁት አሳቀኝ። ወንድ ልጄን አማርኛ የማስተምረው በሥዕል መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን ስሙን በፊደል ጻፈና አመጣልኝ። «ጎሽ!» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ሄዶ መጽሐፉን አምጥቶ ሥዕሉን አሳየኝ። ቀንዳሙ አውሬ! «ለምን እንዲህ ትለኛለህ?» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። አሁን ሥራው ሲሳካለት ሁለት ጣቱን ጭንቅላቱ ላይ ቀንድ አድርጎ ይመጣል። ጎሽ በለኝ ማለቱ ነው።

አናጺው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሩር፣ የገና ጨዋታ ኳሷ፣ እንዴት ነው የምትሠራው? ልጆቼን ገና ላጫውታቸው ፈልጌ እዚህ የሚሸጠው የሆኪ ኳስ ብቻ ነው።


የጠባሴው አናጺ
ጥር 2፣ ከጠዋቱ 2፡20

ከበረዶ አገር፣ ልጅህን ስመልኝ። ጎሹን!

ሩርን በሁለት መንገድ ነው የማውቀው። አንዱ የእንጨት ነው። ጠንካራ የዛፍ ሥር ወይም ጉጥ ያለበት ቦታ ትመርጣለህ፤ ጉጡ አይሰነጠቅም። በመጥረቢያ ታድቦለብለዋለህ፣ ከዚያ በሞረድ። እዚህ ማሽን ስላለኝ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም፣ ለልጄ ግን በእጁ እንዲሠራ ሰጠሁት። ሁለተኛው የጠፍር ነው። እርጥብ ጠፍር እንደ ክር ኳስ እያጠበቅህ ትጠቀልለዋለህ፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ለትናንሽ ልጆች ግን ጨርቅ ጠቅልልላቸው። የእንጨት ሩር ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚል አትርሳ። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ መሆን አለበት። እኔ የወይራ ቅርንጫፍ እፈልጋለሁ፤ ተፈጥሮ ያጎበጠችው ይበልጣል፣ በእሳት የታጠፈው ዓመት አይዘልቅም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። የልጄን ጉራ ልጨምርላችሁ ነበር፤ ግን ጉራው ከመስታወት ጋር ነው የመጣው።

ወንዱ ልጅ ሩሯን ሁለት ቀን ሲሞርድ ከረመ። ክብ አልሆነችም፣ እንቁላል ነገር ሆነች። እሱ ግን ኪሱ ውስጥ ይዟት ነበር የሚተኛው። ትናንት ከሰዓት ከሰፈር ልጆች ጋር ሜዳ ወጡ። ትንሿም ዱላ አምጡልኝ ብላ ተከተለች። «ለሴት አይሆንም» ብለው መለሷት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አልቅሳ፣ አልቅሳ፣ መጨረሻ ላይ ማንም ሳያያት መጥረጊያ ይዛ ሜዳ ገባች።

እንቁላል የመሰለች ኳስ ወዴት እንደምትሄድ ማን ያውቃል? ልጄ መታት፣ ወደ ጎል ሄደች፣ መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀየረችና የጎረቤታችን መስኮት ውስጥ ገባች።

ልጆቹ ሁሉ ተበተኑ። እሱ አልሮጠም። ሄዶ በሩን አንኳኳ። «እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለ። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቴ ራሳቸው ናቸው። ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ አባቴ ማለት ናቸው። ፈገግ ብለው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉኝ። ተረቱን እንደጨረሱ የመስታወቱን ስፋት በሴንቲ ሜትር ነገሩኝ። ለክተው ነበር የጠበቁኝ።

እና እንዴት አልጎርርም? ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ብሆን ጓሳ ደርሼ ነበር።


እውነት እናውራ
ጥር 2፣ ከጠዋቱ 3፡05

መጥረጊያ የያዘችዋስ? ዋናው ዜና እሷ ናት እኮ።


ምንጃሬው
ጥር 4፣ ከምሽቱ 2፡30

የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ በበጋ እንኳ ከጋቢ ወጥታችሁ አታውቁም። ወደ እኛ ውረዱ። አረርቲ ላይ ፀሐይ በነፃ ነው።

ጉራ ከተነሣ ደግሞ የጥምቀቱን ለእኛ ተዉልን። ኢራንቡቲ 44 ታቦታት አንድ ላይ የሚያድሩበት ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ነበር የማየው። ድባብ፣ ጥላ፣ ነጭ ልብስ፣ ማለቂያ የለውም። ጥምቀት 2012 ላይ በዩኔስኮ ሲመዘገብ የእኛ ሰፈር ሰው «አሁን ነው እንዴ ያወቁት?» ነው ያለው።

ዘንድሮ ትከሻዬ ላይ የምትወጣው የእኔ ልጅ ናት። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚለው ሰበብ ኪሴ ከወዲሁ ተበጣጥሷል። ቀሚሷን ገዛሁ። በማግስቱ ከቀሚሱ ጋር የሚሄድ ጫማ የለኝም አለች። አራት ዓመቷ ነው። ይህን አነጋገር ከየት አመጣችው?


እማማ ምድጃ
ጥር 5፣ ከጠዋቱ 3፡15

ከእናቷ።

የደብረ ብርሃኑ፣ አባትህ ሲመጡ ጠዋት ጠዋት ውሃ አሙቅላቸው። የገጠር ሰው አይቸግረኝም ይላል፣ አትስማቸው።


የጠባሴው አናጺ
ጥር 13፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጠፍቼ ነበር። ይቅርታ። አባቴ እዚህ ናቸው።

የመጡት ጥር 9 ነው። ከሞላሌ ተሳፍረው፣ ጣርማበር ላይ ወርደው፣ ሌላ መኪና ይዘው። መናኸሪያ ስጠብቃቸው በርኖሳቸውን ለብሰው ከሚኒባሱ ወረዱ። ትከሻቸው ላይ ከረጢት፣ ብብታቸው ሥር በገመድ የታሰሩ ሁለት እንጨቶች። ከረጢቱ ውስጥ በሶ፣ ባቄላና አንድ አዲስ ባና። ውቂያው እንዴት ነበር ብላቸው «ገብሱ ደህና ነው» አሉ። እናንተ አባቴን አታውቋቸውም። «ደህና ነው» በእሳቸው መዝገብ ከፍተኛው ማዕረግ ነው። ከዚያ በላይ የለም።

እንጨቶቹ የገና ዱላ ሆነው ተገኙ። ወይራ ነው፣ በደንብ የቆለመመ፣ በቅቤ የታሸ። «ገና እኮ አለፈ አባባ» አላቸው ወንዱ። «እኛ እስከ ጥምቀት እንመታ ነበር» አሉ። አንዱን ለእሱ ሰጡት። ሁለተኛውን ለማን እንዳሰቡት አልተናገሩም። ትንሿ ጠጋ ብላ ወሰደችው። ከእሷ ይረዝማል። ግቢው ውስጥ አንድ ቆርኪ ወርውረው «ምቺው» አሏት። መታችው። «አያያዟ ደህና ነው» አሉ።

እኔ ከበረንዳው ላይ ሰማሁ። ደህና ነው! መጋዙን አስቀምጬ ቆምኩ። ለእኔ ደህና ነው የተባለልኝ አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም የበግ አጥር ስሠራ።

ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ትንሿ በርኖሱ ውስጥ ትገባለች። ከውጭ የሚታየው ጭንቅላቷ ብቻ ነው፣ ከአባቴ ጢም ሥር። በርኖሱ ከየት እንደመጣ ጠየቀቻቸው። ከበግ አሏት። «በጉ አልበረደውም?» አለች። መልስ ሲያጡ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ኋላ ላይ ጸጉሩ መልሶ እንደሚያበቅል፣ ሴቶቹ እንደሚፈትሉት፣ ሸማኔው እንደሚሠራው ነገሯት። በቀጣዩ ቀን ለሰፈር ልጆች ሁሉ ስታስተምር ዋለች።

የከተራ ዕለት ታቦቱን አጅበን ወጣን። አባቴ ከፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ ትልቋ ከመዘምራኑ ጋር፣ እኔ ሁለቱን በሁለት እጄ። ሚስቴ ቀኑን ሥራ ላይ ነበረች። ማታ ላይ በነጠላዋ ሥር ከነልብሰ ሥራዋ መጥታ ተቀላቀለችን። ሕዝቡ ውስጥ ያገኘችን በትንሿ ዱላ ነው፤ ከሰው ራስ በላይ ይታይ ነበር። ዱላዋን ቤት አስቀምጪ ብትባል እምቢ ብላ ነው። ጥምቀቱን ብዙ አልተርክላችሁም፣ ሁላችሁም የየራሳችሁን ታውቃላችሁ። ብርዱ ብርድ ነበር። ውሃው ሲረጭ ወንዱ ልጅ አንገቱን ቀብሮ ነበር፤ አባቴ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

ማታ ዶሮ ቀረበ። ትልቋ ናት የሠራችው፣ ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ላለማስገባት እጇን ጉልበቷ መሃል ይዛ ነበር። የገነጠለችው ብቻዋን ነው። ወንዱ ልጅ ቆጠረ፣ 12። ትንሿ «የአባዬ ስህተት የለም?» ብላ አዘነች።

ፈረሰኛው ለአባቴ ቀረበ። በሉ። ዝም። እኔ መንጋጋቸውን እያየሁ እንጀራ መጠቅለል ረሳሁ። ልጅቷ በትሪው ዳር ቆማለች። ጠጋ አልኩና እማማ ምድጃ እንዳሉኝ አደረግሁ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ እደጊ፣ ተመንደጊ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አባቴ ቀና አሉ። እኔን አዩኝ፣ ልጅቷን አዩ። «አሜን» አሉ። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፏ ዘረጉ። ልጅቷ ጉንጯ ተወጥሮ እያኘከች ሳለ «ለነገ ውሃ ተቀድቷል?» አሏት።

ጎበዝ፣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሚስቴ ታሪኩን ስለምታውቅ ጓዳ ገባች። ልጅቷ ግን በሁለት እጇ አፏን ይዛ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ተቀድቷል አባባ ለማለት።

ሌሊት መብራት ካጠፋን በኋላ ከወዲያ ማዶ አልጋ ላይ ድምፃቸው መጣ። «ሽንኩርቱ ትንሽ ያንሰዋል።» እሺ አልኩ። ቆይተው «ልጅቱ ግን...» አሉ። ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ማንኮራፋታቸውን ሰማሁ።


ሾፌር ነኝ
ጥር 13፣ ከጠዋቱ 5፡12

«ግን» ብለው ተኙ? አሁን እኔ እንዴት ልንዳ?


ከበረዶ አገር
ጥር 13፣ ከቀኑ 9፡40

ልጄ ሩሩን በጨርቅ ሠራ። ጎል አገባና ቀንድ አውጥቶ መጣ። አባባን ሰላም በልልን።


እውነት እናውራ
ጥር 13፣ ከቀኑ 10፡05

ትናንት ለእናቴ ደወልኩላት። ስለ ዶሮው አወራን። «ምን ሆነሃል፣ ታመሃል?» አለችኝ። ይኸው ነው።


የአናጺው ቤት
ጥር 13፣ ከምሽቱ 1፡20

ሾፌሩ፣ በሰላም ንዳ። ከ«ግን» በኋላ ያለውን እኔ ሰምቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከሌሊት ተራ ስመለስ አባባ አጥሩ ላይ ቆመው ነበር። የመስታወቱን ባለቤት፣ ጋሼን፣ ይዘው ስለ ዶሮ ያስረዱ ነበር። በአየር ላይ በጣታቸው እየገነጠሉ። «ቢላዋ አትጫንም፣ መጋጠሚያውን ነው የምትፈልግ፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው እኮ» ይላሉ። ጋሼ ብርድ ላይ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስታዩኝ አቋረጡ። «ደኅና አደርሽ ልጄ» ብለው ወደ ፀሐያቸው ሄዱ።


የጠባሴው አናጺ
ጥር 13፣ ከምሽቱ 2፡00

ይህን አሁን ነው የሰማሁት። ደግሞ «ስታዩኝ» ሳይሆን «ሲያዩኝ» ነው፣ እንቅልፍ ሳትጠግቢ አትጻፊ ብዬሻለሁ።

ለሚጠይቁኝ፣ መስታወቱን ዛሬ ገጥሜያለሁ። ጋሼ ዳሩን በጣታቸው ዳሰው «ደህና ነው» አሉ። ከአባቴ ጋር ብዙ ቆሙ መሰለኝ። ሩሯ ግን ቤታቸው ውስጥ አልተገኘችም። ልጄ ነገ አልጋ ሥር ልፈልግ ይፍቀዱልኝ ብሎ ቀጠሮ ይዟል።